«በሩ ተሰበረ» ብለን 2,242 ሼቀል ልንከፍል ነበር

ረቡዕ ማታ ቡናችንን ሸጠን ስንዘጋ የካራቫናችን በር ከላይ ተገንጥሎ በአንድ ጎኑ ተንጠለጠለ። እኅትና ወንድም ነን። ያገለገለ ተጎታች ካራቫን ገዝተን፣ እዚህ አገር ዐገላት ቃፌ የሚሉትን ሥራ ከጀመርን ሁለተኛ ዓመታችን ነው። ከማሽኑ ቡና ጎን ጀበና እናቀርባለን። ሌላው ቀን የሚገባው ወጪውን ይሸፍናል፤ ትርፍ የምናየው ዓርብ ጧት ነው። በሩ የማይዘጋ ካራቫን ደግሞ ማሽን አስቀምጠውበት አይሄዱም፣ በመንገድም ላይ አይጎትቱትም።

ወዲያው ወደ አንድ የካራቫን ጥገና ቤት ደወልን። «ሀደሌት ኒሽበራ» አልን፤ በሩ ተሰበረ ማለታችን ነው። የበሩን ቁመትና ወርድ ጠየቁንና ዋጋውን ነገሩን፦ 1,900 ሼቀል፣ ማዓም ሳይጨምር። 18 በመቶው ሲታከልበት 2,242 ይሆናል። በሩ በትእዛዝ ስለሚመጣ ሁለት ሳምንት ጠብቁ ተባልን። ሁለት ዓርብ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር እሺ ልንል ነበር።

ያዳኑን አባታችን ናቸው። በዚያው ሌሊት መጥተው፣ በስልክ መብራት እያስበሩን፣ በሩን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱትና «በሩ ምን ሆነ? በሩማ ደኅና ነው፤ የተሰበረው ማጠፊያው ነው» አሉ። እውነትም በሩን ከግድግዳው ጋር የሚያያይዙት ሁለት ማጠፊያዎች ናቸው። የላይኛው ክንፉ ተሰንጥቋል፣ ብሎኖቹም ከእንጨቱ ወጥተዋል። የታችኛው እንደ ምንም ይዟል።

አባታችን በጎንደር ገጠር ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ሙያው በአገር ቤት እንጀራም ስድብም ያመጣ እንደ ነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከመጡ በኋላ እንደ ብዙዎቹ ወገኖቻችን በካራቫን ሰፈር ኖረዋልና፣ የካራቫንን በር ነፋስ ሲያንገላታው ምን እንደሚሆን ከእኛ በፊት አይተውታል። ነገር ግን ማጠፊያ በዕብራይስጥ ምን እንደሚባል አያውቁም። እኛስ? እዚህ ተምረን፣ ሠራዊት ገብተን፣ ከባንክና ከዒሪያ ጋር በዕብራይስጥ እየተከራከርን ቃሉን አጣነው። በአማርኛም ቢሆን ማጠፊያ የሚለውን ከአባታችን አፍ የሰማነው ያን ሌሊት ነው። በዕብራይስጥ ጺር ይባላል። «ሀጺር ኒሽባር» ብለን ብንደውል ኖሮ ስልኩን ያነሣው ሰው ምናልባት የጠየቀን ሌላ ጥያቄ በሆነ ነበር።

ጥገና ቤቱን አንወቅስም። በር ተሰበረ አልናቸው፣ የበር ዋጋ ነገሩን። የሠራተኛ ሰዓት ውድ ነው፤ የለሰለሰ እንጨት እየፈለፈሉ ከመዋል አዲስ በር መግጠም ለእነርሱ ይቀላቸዋል፣ ለሥራቸውም ዋስትና መስጠት ይችላሉ። የምንወቅሰው የራሳችንን ልማድ ነው። ባለሙያ ፊት ስንቆም ዋጋ እንከራከራለን እንጂ «ምኑ ነው የተበላሸው?» ብለን አንጠይቅም። 300 ሼቀል ቢቀንሱልን ኖሮ እኮ አመስግነን እንከፍል ነበር! ይህን ባሰብን ቁጥር አሁንም ይገርመናል።

እንደ እኛ ዓጽማኢ ለሆነ ሰው ነገሩ ይጠብቃል። የ1981ዱ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ሸማች የሚለው በዋናነት ለግል፣ ለቤት ወይም ለቤተሰብ ጥቅም የሚገዛን ሰው ነው። በበዓል ቤተሰቡን ይዞ ለመዝናናት የገዛው ካራቫን በሩ ቢሰበርበት ያ ሰው ሸማች ነው። እኛ ግን ካራቫኑ መሥሪያችን ስለሆነ በዚያ ሕግ አንጠለልም። ስለዚህ ሃጻዓት መሒር በጽሑፍ መቀበል፣ የዕቃውንና የጉልበቱን ዋጋ ለይተው እንዲጽፉ መጠየቅ፣ ማዓም ገብቶበት እንደ ሆነ ማየት የራሳችን ሥራ ነው። በተለይ ዖሴክ ፓቱር የሆነ ሰው በግዢ የከፈለውን ማዓም መልሶ አያገኝም፤ ያ 342 ሼቀል ከኪሱ ወጥቶ የሚቀር ነው።

አሁን ወደ ሥራው። በሩ በራሱ ክብደት የታችኛውን ማጠፊያም እንዳይገነጥለው ከሥሩ የወተት ሣጥንና ስስ እንጨት እያስገባን ደገፍነው። የተሰበረውን ፈትተን ሐሙስ ጧት ወደ ብረታ ብረት ሱቅ ይዘን ሄድን። ፎቶ አይበቃም፤ የክንፉ ርዝመት፣ በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው ርቀትና የመሐሉ ዘንግ ውፍረት ልክ መሆን አለበት። ሻጩ «ያሚን ኦ ስሞል?» ሲለን ደነገጥን። ለካ አንዳንዱ ማጠፊያ የቀኝና የግራ አለው። አሮጌውን ከቦርሳ አውጥተን ስናሳየው ጥያቄው በዚያው አለቀ።

ዋናው ሥራ ግን ማጠፊያው ሳይሆን ከኋላው ያለው እንጨት ነው። የብዙ ካራቫኖች ግድግዳ ከውጭ ስስ አሉሚኒየም፣ መሐሉ ፎም ሲሆን፣ በበርና በመስኮት ዙሪያ ውስጥ ለውስጥ እንጨት ይዞራል። ብሎን የሚይዘው ያ እንጨት ነው። ማሸጊያው ደርቆ ሲሰነጠቅ የዝናብ ውኃ በብሎኑ ቀዳዳ ይገባል፣ እንጨቱ ይለሰልሳል፣ ብሎኑ ይላላል፤ ነፋስ በሩን ወርውሮ የመታው ቀን ይገነጠላል። እኛ መጀመሪያ ያሰብነው ረዘም ያለ ብሎን ገዝተን በዚያው ቀዳዳ ማስገባት ነበር። አባታችን ሳቁብን። ብሎኑ የለሰለሰውን አልፎ ፎም ከመውጋት በቀር የሚይዘው የለም፤ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ደግሞ አደጋ ነው።

እሳቸው የለሰለሰውን በመሰርሰሪያ አስፍተው አወጡት። ቀዳዳውን በፀጉር ማድረቂያ በደንብ አደረቅነው። ከተሰበረ ወንበር እግር ጠንካራ እንጨት ጠርበው፣ ውኃ የማይፈታው የእንጨት ሙጫ ቀብተው መቱበት፤ እንደዚያው አደረ። ዓርብ ገና ሳይነጋ ከብሎኑ የቀጠነ ቀዳዳ በስተው አዲሱን ማጠፊያ ገጠሙ። ከሥሩ ቡቲል የሚባለውን እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ማሸጊያ አነጠፍንለት። ብሎኖቹ ኒሮስታ ናቸው፤ ተራው በባሕር አየር ቶሎ ይዝጋል። ቡቲሉ ውኃ ከመከልከሉም በላይ ኒሮስታውና አሉሚኒየሙ በቀጥታ እንዳይነካኩ ያደርጋል፤ ሁለቱ በእርጥበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላልና።

ማጠፊያው 38 ሼቀል፣ ስምንት ብሎን 16፣ ሙጫው 27፣ ቡቲሉ 35። ጠቅላላ 116፣ ማዓሙም ገብቶበት። ደረሰኙን ለሂሳብ ሠራተኛችን አስቀምጠናል።

ሁሉም ነገር በቤት ይጠገናል እያልን አይደለም። በማጠፊያው ዙሪያ ያለውን እንጨት በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ወጋ አድርጉት። ከአንድ መዳፍ ስፋት በላይ እንደ ሙዝ የሚገባ ከሆነ ግድግዳው በስብሷልና ባለሙያ ጥሩ፤ እዚያ ላይ መሰሰት ኋላ የባሰ ያስወጣል። የጋዝ መስመር፣ የኤሌክትሪክና የፍሬን ነገርማ አባታችንም እጃቸውን አያስገቡም። ከጥገና በኋላም ካራቫኑን ከመጎተት በፊት በሩን ቆልፎ፣ ገፋ ሳብ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። በጎዳና ላይ የሚከፈት በር ከኋላ ለሚመጣው መኪና አደጋ ነው።

በየከተማው ባለው ማትናስ ለልጆች ትምህርት የሚሆን፣ ለአረጋውያን ቡና መጠጫ የሚሆን ክፍል አለ። በወር አንድ ማታ ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ምን ያስወጣል? የላላ የወንበር እግር፣ የማይዘጋ ቁም ሣጥን፣ የተሰበረ ጺር ይምጣ። አባቶች እጃቸውን፣ ልጆች ዕብራይስጡን ያዋጡ። ዛሬ ብዙ አባቶቻችን በጥበቃና በጽዳት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ ከዚያ በፊት ምን ይሠሩ እንደ ነበር የጠየቃቸው አሠሪ ጥቂት ነው። እኛም ልጆቻቸው ብዙ አልጠየቅንም።

ዓርብ በአንድ ሰዓት ተኩል ከፈትን። አባታችን ከጀበናው አንድ ስኒ ጠጥተው ሲነሡ የታችኛውን ማጠፊያ ጎንበስ ብለው አዩና «ይኼም ክረምቱን አይዘልቅም» አሉን። እሑድ ሄደን አንድ ሌላ ገዛን። የቀኝ።