ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ባለቤቱ የማይታወቅ ዓረፍተ ነገር ላይ በቀይ አሰምር ነበር። የኮምፒውተር «መግባት ተከልክሏል» ከዚያው ጎራ ነው። ማን ከለከለ? ለምን? ዝም!

ምስጢሩን ማሽኑ ያውቀዋል። በዊንዶውስ ፋይል የሚያውቀው ሰውን ሳይሆን የአካውንት መለያ ቁጥርን ነው። ዲስኩን ከአሮጌ ኮምፒውተር ነቅለው አዲሱ ላይ ሲሰኩት ቁጥሩ አይገጥምም፤ በገዛ ጽሑፍዎ ላይ ባዕድ ይሆናሉ። ታዲያ ይህን መናገር ምን ይከብዳል?

መዘዙ አለ። ሰው ይመረውና «ለሁሉም ሙሉ ፈቃድ» ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ደጋግሞ ፈቃድ ሲጠይቅ የሰለቻቸው ጥያቄውን ጭራሽ አጠፉት። እንዲህ ሲሆን ቫይረሱም የባለቤቱን ያህል ሥልጣን ያገኛል።

አጥሩ ይቁም፤ አልቃወምም። ግን ከልካዩ ማንነቱን ይናገር፣ ፋይሉን ይጥቀስ፣ መክፈቻውንም ያመልክት። ይህን ያልጻፈ ፕሮግራም ሠሪ ሥራውን አልጨረሰም።