አዲስ ሰርቨር ይገዛ ከማለታችን በፊት

በየሴሚስተሩ መጀመሪያ የመመዝገቢያው ሰርቨር ሲቆም ከተማሪው አፍ የሚወጣው ቃል አንድ ነው፤ ይኸውም «ትልቅ ኮምፒዩተር ይገዛ» የሚል ነው። እኛ ግን ገንዘቡ ከመውጣቱ አስቀድሞ ፕሮግራሙ ይመርመር እንላለን።

ሰርቨር ማለት አሳላፊ ማለት ነው። በክፍል የምንማረው አጻጻፍ ለያንዳንዱ እንግዳ አንድ ትሬድ፣ ማለት አንድ አሳላፊ፣ ይመድባል። እንግዳው ጎርሶ እስኪያላምጥ ድረስ አሳላፊው ወጡን እንደ ያዘ ከፊቱ ቆሞ ይጠብቀዋል። እንግዳው ሃያ ሲሆን ይህ ያምራል፤ አሥር ሺህ ሲሆን ግን አዳራሹ በአሳላፊ ይሞላና መተላለፊያ ይጠፋል። ከገጠር በደካማ ኔትዎርክ የሚመዘገበው ተማሪ ደግሞ አሳላፊውን ከሁሉ ይልቅ አቁሞ ስለሚያቆይ፣ ግንኙነቱ የሚቋረጠው፣ ዶርምም የሚያጣው እርሱ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ዳን ኬገል የተባለው ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ1999 አንድ ሰርቨር አሥር ሺህ ደንበኞችን ባንድ ጊዜ ሊያስተናግድ ይገባዋል ብሎ «ሲ10ኬ» በሚል ስም ጽፏል። የቆየው «ሴሌክት» የሚባለው ጥሪ በሊኑክስ እንደ ልማዱ ከ1024 ግንኙነት አያልፍም፤ በተጠራም ቁጥር ሁሉንም እየዞረ «አንተስ? አንተስ?» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ ሊኑክስ ከርነል የገባው «ኢፖል» ግን እንግዶቹን አንድ ጊዜ መዝግቦ፣ እጁን ያነሣውን ብቻ ያመለክታል። ኢጎር ሲሶየቭ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ኤንጂንኤክስ በዚህ መንገድ በጥቂት ፕሮሴሶች ብዙ ሺህ ግንኙነት ይይዛል። ጎ በሚባለው ቋንቋ የሚጽፍም ሰው ሳያውቀው ይጠቀምበታል፤ ቋንቋው በሊኑክስ ላይ ከሥር ኢፖልን ይጠራለታልና።

አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። ጥቂቱ አሳላፊ በመካከል ቆሞ ሽንኩርት መክተፍ ከጀመረ አዳራሹ ሁሉ ይራባል። ስለዚህ ከባድ ስሌትና የሚያስጠብቅ የዳታቤዝ ጥሪ ወደ ጓዳ፣ ለብቻቸው ለተመደቡ ትሬዶች፣ መላክ አለበት። ሕመሙ ራሱ ዳታቤዙ ላይ ከሆነ ግን ኢፖልም አያድነው። እንግዲህ ይለካ! ሰርቨሩ በቆመበት ሰዓት ፕሮሰሰሩ ይደክም ነበር ወይስ ትሬዶቹ ቆመው ይጠብቁ ነበር? ይህን ለማወቅ ጨረታ ማውጣት አያስፈልግም።

መምህራኖቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ ተማሪው ሁለቱንም ዓይነት ሰርቨር ጽፎ አሥር ሺህ ግንኙነት በገዛ ላፕቶፑ ላይ ይክፈትባቸው። ይህን ለመሞከር የምትነሡ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለአንድ ፕሮሴስ የሚፈቀደው የክፍት ፋይል ልክ ብዙውን ጊዜ 1024 ስለሆነ አስቀድማችሁ ከፍ አድርጉት።