ድምፅ ሳይሆን ዘፈን ይወዳደር

ዱብሉቅ አካባቢ ካሉት ጥልቅ የቦረና ጉድጓዶች ወደ አንዱ የሚጠጋ እንግዳ ሰው ከማየቱ በፊት ዘፈን ይሰማል። ከታች፣ ውሃው አጠገብ የቆመው ጎልማሳ ባልዲውን ሞልቶ ወደ ላይ ይወረውራል። ከበላዩ ያለው ተቀብሎ ለሚቀጥለው ያቀብላል። እንዲህ እየተቀባበሉ ውሃው ከብቶቹ የሚጠጡበት ገንዳ ይደርሳል። ይህን የሰው ሰንሰለት የሚያንቀሳቅሰው ዜማ ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ዜማው ከተዛነፈ እጅና ባልዲ ይተላለፋሉ።

ጎብኚዎች እነዚህን ቱላዎች «የሚዘፍኑ ጉድጓዶች» ይሏቸዋል። ጉድጓድ ግን አይዘፍንም፤ የሚዘፍነው ሰው ነው። ያ ሰው ማነው? ግጥሙንስ ማን አወጣው? የጉድጓዱ ባለቤት ጎሳ ይታወቃል። የማጠጣቱን ተራ የሚመራው አባ ሄሬጋም ይታወቃል። የዘፈኑ ባለቤት ግን የትም አልተጻፈም።

ነገሩ የክብር ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ በቦረና ቆላ እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። የከብት ሞት በገበያ ዋጋ ይሰላል። ከከብቱ ጋር ምን ያህል ዘፈን እንደ ሞተ ግን የሚያሰላ የለም። የሚያጠጣው መንጋ የሌለው ወጣት ጉድጓድ አይወርድም። ካልወረደ ዘፈኑን ከታላላቆቹ አይሰማም፤ ካልሰማ ደግሞ አይቀጥለውም። ከተማ ገብቶ ባጃጅ ሲነዳ የሚሰማው ሌላ ቦታ የተቀረጸ ዘፈን ነው።

ለዚህ የሚቀርበው የተለመደ መፍትሔ «የድምፃውያን ውድድር እናዘጋጅ» የሚል ነው። ፋና ላምሮትን የመሳሰሉ የቴሌቪዥን ውድድሮች ለብዙ ወጣት በር ከፍተዋል፤ ይህ አይካድም። ግን በእንዲህ ዓይነቱ መድረክ ተወዳዳሪው አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ድምፃዊ ዘፈን ይዞ ይወጣል፣ ዳኛውም ድምፁን ይመዝናል። አዲስ ግጥም የጻፈ፣ አዲስ ዜማ ያወጣ ሰው ወንበር የለውም። አንድ የነገሌ ልጅ በደንብ ዘፍኖ ቢያሸንፍ ከተማዋ አንድ ድምፃዊ አገኘች ማለት ነው። አንድም ዘፈን ግን አልተጨመረላትም።

ሌላ መንገድ አለ፤ ምሳሌውም ከሩቅ ይመጣል። ስሎቬንያ እ.ኤ.አ. በ1962 «ስሎቬንስካ ፖፔቭካ» የተባለ የዘፈን ፌስቲቫል በብሌድ ከተማ ጀመረች። ያኔ የዩጎዝላቪያ አንድ ክፍል ነበረች፤ ቋንቋዋን የሚናገረው ሕዝብ ሁለት ሚሊዮን አይሞላም ነበር። መላው ዩጎዝላቪያ የሚወዳደርበት የኦፓቲያ ፌስቲቫል ከዚያ በፊት ስለነበረ መድረክ አልጠፋም። የጠፋው በራሳቸው ቋንቋ በየዓመቱ አዲስ ዘፈን እንዲወለድ የሚያስገድድ ቀጠሮ ነበር። ስለዚህ ከጣሊያኑ ሳንሬሞ መልኩን ወስደው የራሳቸውን አቆሙ። የሚወዳደረው ዘፈኑ ነበር፤ ሽልማቱም ለዜማ ደራሲውና ለገጣሚው ጭምር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንዱን ዘፈን ሁለት ድምፃውያን በየተራ ይዘፍኑት ነበር። አድማጩ ድምፁን ከዘፈኑ ለይቶ እንዲሰማ ይህ ትልቅ ዘዴ ነው።

«እኛ ትንሽ ከተማ ነን፣ ሙዚቃ የሚሠራው አዲስ አበባ ነው» የሚል ይኖራል። እርሱ አፍረን ቀሎን ያስታውስ። ዓሊ ቢራን ያፈራው ይህ ቡድን በ1950ዎቹ ዓመታት የተነሣው ከድሬዳዋ ነው። ዘመናዊው የኦሮምኛ ሙዚቃ መሠረት ሲጣል የዋና ከተማ ፈቃድ አልተጠበቀም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የትናንቱን የሚያስታውስ ሰው የሚያነሣው ነው። በደርግ ዘመን በየአውራጃው የኪነት ቡድን ነበር። ከነዚያ ቡድኖች ትልልቅ ባለሙያዎች ወጥተዋል። ግን ግጥሙ ከካድሬ እጅ አልወጣም፤ ሥርዓቱ ሲወድቅ መወድሱም አብሮ ወደቀ። ዛሬም ፌስቲቫል ሲባል የባለሥልጣን ንግግር፣ ባነርና የቀን አበል ብቻ ሆኖ እንዳይቀር መስጋት ተገቢ ነው።

ሌላም አለ። ከነገሌ እስከ ሞያሌ ባለው ምድር ቦረናው፣ ጉጂው፣ ገብራው፣ ገሪው፣ ቡርጂው፣ ሌላውም ይኖራል። ስለ መሬት፣ ስለ ውሃና ስለ ዞን ወሰን የተጣሉበት፣ ደም የፈሰሰበት ጊዜ ቅርብ ነው። «ፌስቲቫሉ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ገና ማይክሮፎን ሳይተከል ይነሣል።

መልሱ ከደንቡ ውስጥ መምጣት አለበት። አንደኛ፣ የሚወዳደረው አዲስ ዘፈን ብቻ ይሁን፤ ዳኞች ግጥሙን የጸሐፊው ስም ሳይነገራቸው ይመዝኑ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ዘፈን ሁለት ጊዜ ይዘፈን፤ አንዴ በወጣበት ከተማ ልጅ፣ አንዴ በሌላው ከተማ ልጅ። የነገሌውን የሞያሌው፣ የያቤሎውን የቡሌ ሆራው ይዝፈነው። የጎረቤቱን ዘፈን ለመዝፈን አንድ ወር ያጠና ሰው ጎረቤቱን የሚያይበት ዓይን እንደ ቀድሞው አይሆንም። ሦስተኛ፣ ቦታው በየዓመቱ ይዙር። አራተኛ፣ ሁሉም ይቀረጽ፤ የገጣሚውና የዜማ አውጪው ስም አብሮ ይመዝገብ። የ1996ቱ የቅጂ መብት አዋጅ ለደራሲ መብት ሰጥቷል፤ ስሙ ያልተመዘገበ ደራሲ ግን መብቱን በምን ያስረዳል? ለመቅረጹና ለመመዝገቡ ያቤሎ ላይ የቦረና ዩኒቨርሲቲ፣ ቡሌ ሆራ ላይ ሌላው ዩኒቨርሲቲ አሉ።

«ሕዝብ ተርቦ ዘፈን?» ለሚል መልሱ ጉድጓዱ ራሱ ነው። እዚያ ዘፈን ከሥራ በኋላ የሚመጣ መዝናኛ አይደለም፤ ውሃው የሚወጣው በዘፈን ነው።

ቀጠሮ ይዞ ማስታወስ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ቦረና በየስምንት ዓመቱ ጉሚ ጋዮ ላይ ተሰብስቦ ሕጉን ያውጃል፣ ነባሩንም መልሶ ይሰማል። በቃል የተያዘ ነገር ቀን ካልተቆረጠለት እንደሚጠፋ ከማንም በፊት የገባው ሕዝብ ነው። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. የገዳን ሥርዓት በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ያከበረው ይህንኑ ብልሃት ነው።

ለሕጉ ቀን ተቆርጦለታል። ለዘፈኑስ? ድርቁ እንደሆነ ቀጠሮ አይጠብቅም።