አክስቴ ግቢ የከፈትኩት ጋራዥ

ባለፈው ሰሞን አንድ የሰፈሬ ልጅ መንገድ ላይ ያዘኝና «ጋራዥ ኪሴን ጨረሰው፤ የመኪናዬን ውሃና ዘይት ራሴ ግቢዬ ውስጥ ብለውጠውስ?» አለኝ። ሳቄ መጣ። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ከ12ኛ ክፍል ወዲህ የያዝኩት ቁልፍ ቢኖር የቤቴን ነው። ቢሆንም ጎብዬ ላይ በቆዳዬ ከፍዬ የተማርኩት ነገር አለና ልንገራችሁ።

ጊዜው 2011 ዓ.ም. የፋሲካ ዋዜማ ነው። የአጎቴን አሮጌ ኮሮላ ለምኜ ተውሼ፣ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር አክስቴ ዘንድ ወደ ጎብዬ ጉዞ ጀመርን። ከኮምቦልቻ ተነስተን ሐረጎን ስንወጣ የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ከፍ ከፍ ማለት ጀመረች። እኔ ምን አደረግሁ? ሙዚቃውን ከፍ አደረግሁ! ወልድያን አልፈን የቆላው ሙቀት ሲቀበለን መርፌዋ ቀዩን ነካች። አክስቴ በር ላይ ስንቆም ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ይንቦለቦላል።

ጅልነቴ እዚህ ላይ ነው። ሹራቤን እጄ ላይ ጠቅልዬ የራዲያተሩን ክዳን ከፈትኩት። ታፍኖ የነበረው የፈላ ውሃ ተፈናጥሮ እስከ ክርኔ ላጠኝ። ጎረቤት ሊጥ ይዞ ሲሮጥ አክስቴ «አብሽር ልጄ፣ አብሽር» እያለች ቀዝቃዛ ውሃ ታፈስብኝ ገባች። ደግ አደረገች። ቃጠሎ ላይ ሊጥም የጥርስ ሳሙናም አይቀባም፤ ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፣ ያውም 20 ደቂቃ ያህል። (ጠባሳው ዛሬም አለ። ቆነጃጅት ሲጠይቁኝ «የጀብዱ ነው» እላለሁ።)

ፋሲካን በታሰረ እጅ ዋልኩ። ማክሰኞ ሞተሩ በረዶ ሆኖ ሳለ አንድ ጎረቤት መጡ፤ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሹፍርና የጨረሱ ጋሼ ናቸው። ከራዲያተሩ ስር ያለችውን ማፍሰሻ ፈትተው አክስቴ ሳፋ ውስጥ ሲለቁት የወጣው ነገር ውሃ አይባልም፤ አረንጓዴና ዝገት የተቀላቀለበት አተላ ነው።

«ይሄን ማን ሞላው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። በጎደለ ቁጥር ከቧንቧ…»

«ኩላንቱስ?»

«እሱ የብርድ አገር ነገር መስሎኝ…»

ሳቁብኝ። ለካስ ቆላ ውስጥ ይብሳል! ቆቦ አካባቢ ንጹህ ውሃ 95 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ አዲስ አበባማ ከፍታዋ ስለሚበልጥ 92 ገደማ ላይ። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አፍኖ ያንን ከፍ ያደርገዋል፣ ኩላንት ደግሞ ይጨምርበታል፤ ዝገትንም ይከላከላል። የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ ግን ማንቆርቆሪያ ስር እንደሚጋገረው ነጭ ነገር የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል።

ጓደኛዬ ወልድያ ተመልሶ ኩላንትና የተጣራ ውሃ ገዛ። (ባትሪ የሚሞላ የተጣራ ውሃ ይሆናል፤ ከአሲዱ ጋር ግን እንዳታምታቱት!) እስኪመጣ ንጹህ ውሃ ሞልተን፣ የውስጥ ማሞቂያውን ከፍተን ሞተሩን አስነሳን። የላይኛው ጎማ ቱቦ ሲሞቅ ውሃው መዞር ጀምሯል ማለት ነው። አጥፍተን፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን አፈሰስን። ሦስት ጊዜ! ቀኑ በዚሁ አለቀ። ኋላ ኩላንቱንና የተጣራውን ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅለን ሞላን፤ ገና በቀዝቃዛው ክዳኑን ሳንገጥም አስነስተን አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ እስኪወጣ ጠበቅን፣ የጎደለውን ጨመርን።

በመሀሉ የአክስቴ ግልገል መጥታ ሳፋው ላይ አጎነበሰች። ጋሼ በጆሮዋ ጎትተው አባረሯት። ኩላንት ይጣፍጣል፣ ኩላሊትም ይጨርሳል፤ ፍየልም ውሻም ሕፃንም አይምርም። አክስቴ ያንን ስትሰማ ጮኸች፤ ሳፋው ሊጥ የምታቦካበት ነበር! አዲስ ገዛንላት፤ አተላውን በጄሪካን ከድነን ወስደን ለጋራዥ ሰጠን።

የሞተር ዘይት ከዚህ ይቀላል፤ ለብ ሲል ማፍሰስ፣ ፊልትሮውን አብሮ መለወጥ፣ በዲፕስቲኩ ልክ መሙላት። መኪናዋ በክሪክ ብቻ ተነስታ ግን ስር እንዳትገቡ።

እኔ ደግሞ ልቤ አብጦ የፍሬን ዘይቱ ጎድሎ ባይ የተረፈውን የሞተር ዘይት አንስቼ ልጨምር ስል ጋሼ እጄን መቱኝ። የሞተር ዘይት የፍሬኑን ጎማዎች ያሳብጣል፤ ፍሬኑ ይከዳል። «ሐረጎን ስትወርድ ታስታውሰኝ ነበር» አሉ። እና የሰፈሬ ልጅ፦ ውሃውንና የሞተር ዘይቱን ግቢህ ውስጥ፣ ፍሬኑን መካኒክ ጋ!

መርፌዋ እስከ አዲስ አበባ ከመሀል አልነቃነቅ አለች። አጎቴ መኪናውን ሲረከበኝ «ከሄደች ወዲህ ተሻላት» አለ። ይህን ገጽ እንደማያነብ ተስፋ አለኝ።