ከፎርማት በፊት ድራይቨር!

የቤታችሁ ኮምፒውተር ድምፁ ቢጠፋ፣ ዋይፋይ አልይዝ ቢል ወይም ስክሪኑ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ድንገት ገዝፎ ቢታያችሁና ሰፈር ውስጥ ወዳለ ሱቅ ብትወስዱት የሚሰጣችሁን መልስ ቀድሜ ልንገራችሁ፤ «ፎርማት ይፈልጋል!» ሰበታ ሂዱ፣ ቡራዩ ሂዱ፣ ሱሉልታ ሂዱ... መልሱ ያው ነው። ራሱን ላመመውም፣ ሆዱን ለቆረጠውም፣ እግሩ ለተሰበረውም አንድ ዓይነት ኪኒን የሚያዝ ክሊኒክ ቢኖር ማናችን ነን ሁለተኛ የምንሄደው? ወደ ኮምፒውተር ሱቁ ግን እንመላለሳለን።

እኔ የምለው እንዲህ ነው፤ እነዚህ ችግሮች ብዙ ጊዜ የአንድ ድራይቨር ጉዳይ ናቸው። ለአንድ ድራይቨር ሲባል ቤቱን ሁሉ ማፍረስ ይብቃን።

ድራይቨር ምንድን ነው ለምትሉ፣ አስተርጓሚ ነው። ዊንዶውስ ከፕሪንተሩም ሆነ ከድምፅ ካርዱ ጋር በቀጥታ አይግባባም፤ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቋንቋ አለው። አማርኛ ብቻ የሚችል ገዢና ኦሮምኛ ብቻ የሚችል ሻጭ ቡራዩ ገበያ ላይ ተገናኝተው መሀል የነበረው አስተርጓሚ ጥሏቸው ቢሄድ፣ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ ንግዱ ግን ይቆማል። መፍትሔው ሌላ አስተርጓሚ መፈለግ ነው እንጂ ገበያውን ማፍረስ አይደለም።

ፎርማት ደግሞ ዋጋ አለው። እኛ ጋ አንድ ኮምፒውተር የአንድ ሰው አይደለም፣ የቤተሰብ ነው። የታላቅ እህት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርግ ፎቶ፣ የዕድሩ መዝገብ፣ ሁሉም እዚያው ዴስክቶፕ ላይ ተከምሯል። «ማዘር፣ የሚፈለግ ፋይል አለው?» ተብለው የተጠየቁ እናት «ኧረ የለውም ልጄ» ካሉ አበቃ!

ማሽኑን ጥሎ ሌላ መግዛትስ? እሱም ቀላል አይደለም። የብር ምንዛሪ ለገበያ በተለቀቀበት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድ ዶላር በንግድ ባንክ በአንድ ቀን ከ57 ብር ወደ 74 ብር ዘለለ፤ ዓመት ሳይሞላው ከ120 ብር አለፈ። ላፕቶፕ የሚገባው በዶላር ነው። ስለዚህ ያለንን አሮጌ ማሽን ማቆየት ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ሆኗል።

መንገዱም አለ። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ስር ቢጠቃለሉም «ደህና ቴክኒሽያን» ሲባል እጃችን የሚጠቁመው አሁንም ወደ አዲስ አበባ ነው። ከሱሉልታ ሲፒዩውን ጭኑ ላይ አቅፎ እንጦጦን ተሻግሮ አዲሱ ገበያ የሚወርድ፣ ከቡራዩ በአስኮ፣ ከሰበታ በዓለም ገና በኩል መርካቶ የሚገባ ስንት አለ? በ10 ደቂቃ ከኢንተርኔት ሊወርድ ለሚችል ነገር!

ሰበታ ላይ ደግሞ ነገሩ ከመጉላላትም ያልፋል። ከተማዋ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቷ ትታወቃለች። ዓይነ ስውር ተጠቃሚ ኮምፒውተርን የሚያነበው በጆሮው ነው፤ ኤንቪዲኤ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነብለታል። የድምፅ ድራይቨር ሲጠፋ እኛ የሚቀርብን ዘፈን ነው። ለእሱ ግን ስክሪኑ ራሱ ነው የጠፋው።

ይኼን ስል ታዲያ «ሁሉንም ድራይቨር አሁኑኑ አፕዴት አድርጉ» ማለቴ እንዳይመስላችሁ። «30 ድራይቨሮችህ አርጅተዋል፣ እዚህ ተጫን» እያሉ የሚያስፈራሩትን ፕሮግራሞች አትመኑ። ዊንዶውስ ይዟቸው የሚመጡ ብዙ ድራይቨሮች ላይ ጁን 21 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. የሚል ቀን ታያላችሁ። ይኼ እርጅና አይደለም። የዕቃው አምራች የሠራው ድራይቨር ሲመጣ ምንጊዜም አዲስ ሆኖ እንዲቆጠርና እንዲመረጥ ማይክሮሶፍት ሆን ብሎ የጻፈው ቀን ነው።

ድራይቨር የሚሠራው ከዊንዶውስ ልብ አጠገብ ስለሆነ እዚያ የሚፈጠር ስሕተት ሁሉን ይዞ ይወድቃል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ ድራይቨሩ የሚያነበውን አንድ የተበላሸ ፋይል በአፕዴት ልኮ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮችን ሰማያዊ ስክሪን ላይ አስቀራቸው፤ በዓለም ዙሪያ ስንት በረራ ተሰረዘ! እናም ደንቡ ይኼ ነው፤ የሚሠራውን አትንኩ፣ የተበላሸውን ለይታችሁ አስተካክሉ።

እንዴት? ስታርትን በቀኝ ጠቅ አድርጉና ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቱ። ቢጫ ምልክት ያለበት ዕቃ ካለ ሕመምተኛው እሱ ነው። የላፕቶፑን ሞዴል ከሆዱ ላይ አንብቡና ከአምራቹ ገጽ፣ ከኤችፒ ይሁን ከዴል ወይም ከሌኖቮ፣ ለዚያው ሞዴል የተሠራውን ድራይቨር አውርዱ። የጠፋው የዋይፋይ ድራይቨር ከሆነና ማውረጃ ኢንተርኔት ካጣችሁ፣ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ አገናኙና ቴዘሪንግ የሚለውን አብሩት፤ ዳታው በገመዱ ይመጣል። አዲሱ ድራይቨር ከፊተኛው ከባሰ ደግሞ ሮል ባክ የሚል ቁልፍ አለ፣ ወደ ነበረበት ይመልስላችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ብዙ አሮጌ ማሽኖች ደግሞ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟሉም። አምራቾች ለአሮጌ ሞዴል አዲስ ድራይቨር መሥራት ያቆማሉ። ዛሬ የሚሠራውን ድራይቨር ፍላሽ ላይ አስቀምጡት፤ ነገ ላታገኙት ትችላላችሁ።

ቴክኒሽያኖቻችንን ብቻ ልወቅስ አልፈልግም። ፎርማት አንዳንዴ እውነተኛው መድኃኒት ነው፤ ቫይረስ ሥር የሰደደበት ማሽን ሌላ ምን ይሆናል? ደግሞስ ልጁ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ የጎደለውን ድራይቨር ፈልጎ ሲያገኝ «ይኼን ለመጫን ነው እንዴ ብር የምትጠይቀው?» የምንለው እኛው አይደለንም? ፎርማት ሲያደርግ ግን ሳንከራከር እንከፍላለን። ማፍረስን እየከፈልን መመርመርን በነጻ ከፈለግን የሚሸጥልን ማፍረስ ነው።

ስለዚህ ወገኖች፣ በሚቀጥለው ጊዜ «ፎርማት ይፈልጋል» ስትባሉ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ወንድሜ፣ የጎደለው የየትኛው ዕቃ ድራይቨር ነው?» መልስ ያለው ልጅ ካገኛችሁ የድካሙን ክፈሉት፣ ስልኩንም ያዙ። መልስ የሌለው ከሆነ ግን ኮምፒውተራችሁን አቅፋችሁ ውጡ።