እምቢ የተባለ ሰው ዘፈን

«ይኼ የጃፓኖች ዘፈን ደግሞ ምኑ ይሰማል? ሙሾ እኮ ነው! ወንድ ልጅ እምቢ ሲባል ደጅ ይጠናል እንጂ እንዲህ አያላዝንም።»

ይህን ያለኝ የተማረ፣ ያነበበ፣ አልፎ አልፎም በአደባባይ ስለ ሥልጣኔ ንግግር የሚያደርግ ሰው ነው። ስሙን አልጠራም፤ ደግሞም ብቻውን አይደለም። ልጆቻችን የጃፓን ካርቱን ፊልም በየስልካቸው ማየት ከጀመሩ ወዲህ ዘፈኑም ተከትሎ ቤታችን ገብቷል። የአባቶችም ፍርድ በየሳሎኑ አንድ ዓይነት ነው፦ ሙሾ፣ እንጉርጉሮ፣ የደካማ ሥራ። ፍርዱ ግን ተከሳሹን ሳይሰሙ የተፈረደ ነው። ተከሳሹን ሲሰሙት ነገሩ ይገለበጣል። ለጊዜው «ደጅ ይጠናል» የምትለዋን ቃል አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ፤ ነገሩ የጃፓን ስለሆነ።)

ጃፓኖች ምላሽ ላላገኘ ፍቅር «ካታኦሞይ» የሚል ቃል አላቸው። «ካታ» ማለት ከጥንድ አንዱ ነው፤ ጓደኛው እንደጠፋበት ጫማ በሉት። «ኦሞይ» ደግሞ ሐሳብ፣ ስሜት ነው። የአንድ ወገን ሐሳብ ማለት ነው። ሁለቱም ሲዋደዱ ነገሩ «ርዮኦሞይ» ይባላል፣ የሁለት ወገን ሐሳብ። እኛ ዓረፍተ ነገር ሠርተን የምንናገረውን እነሱ በአንድ ቃል ይጨርሱታል። ቃሉ ውስጥ ውርደት የለም፤ በደልም የለም። ሒሳብ ነው፦ ሁለት ሊሆን ይገባ የነበረው አንድ ሆነ።

ይኼ የትናንት ፈሊጥ አይደለም። በ8ኛው መቶ ዘመን በተሰበሰበውና ወደ 4,500 ገደማ ግጥሞች በያዘው «ማንዮሹ» ውስጥ፣ የናፍቆት ፍቅር ማለት የሆነው «ኮይ» የሚለው ቃል አንዳንድ ቦታ በሁለት የቻይና ፊደላት ተጽፎ ይገኛል። ድምፁን ለማስቀመጥ ሌላም ፊደል መምረጥ ይቻል ነበር። ጸሐፊው የመረጣቸው አንዱ «ብቸኛ»፣ ሌላው «ሐዘን» የሚል ትርጉም ያላቸውን ነው። በ905 ደግሞ በንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ «ኮኪንሹ» ተሰበሰበ። በውስጡ ካሉት 1,100 ያህል ግጥሞች 360ዎቹ የፍቅር ናቸው። አምስት መጽሐፍ ሆነው የተደረደሩትም በፍቅር አካሄድ ነው፦ ስሟን በወሬ ከመስማት ይጀምሩና ናፍቆት፣ መገናኘት፣ መጠራጠር፣ መተው እያሉ ይሄዳሉ። የመገናኘቱ ደስታ መሐል ላይ ጠባብ ቦታ ይዞ ቁጭ ብሏል። የቀረው ሁሉ ወይ ገና ያልተገኘ፣ ወይ ያመለጠ ነው። እንግዲህ ይህንን ያዘዘው ቤተ መንግሥት ነው! የደካሞች ሥራ ነው የሚለኝ ሰው፣ ያ ቤተ መንግሥት ከዚያ በኋላ ስንት መቶ ዓመት እንደቆየ ይቁጠርልኝ።

የወዳጄን ፍርድ ከሱ በፊት የፈረዱ ሰዎች በጃፓንም ነበሩ። የደንብ ልብስ የለበሱ። በ1936 ዋታናቤ ሃማኮ የምትባል ዘፋኝ፣ እንዳትረሳኝ እያለች የምትለማመጥበትን ሸክላ አወጣች። የአገር ግዛት ሚኒስቴር ድምፅዋ ያሽኮረምማል ብሎ ሽያጩን አገደ። በተከታዩ ዓመት አዋያ ኖሪኮ የመለያየት ብሉዝ ዘፈነች። አገሩ ወደ ጦርነት እየገባ ነበርና ለባለሥልጣናቱ አልጣማቸውም። ወታደሩ ግን ወደደው። ግንባር ያለው ሰው እኮ የሰልፍ ዜማማ ሞልቶታል፤ የጎደለው ሌላ ነገር ነው። አዋያ የጦር ዘፈን አልዘፍንም አለች፤ ሴት ሁሉ እንድትለብስ የተፈለገውን ከረጢት ሱሪም አልለብስም ብላ ከንፈሯን ቀብታ፣ ረዥም ቀሚሷን ለብሳ መድረክ ወጣች። ታዲያ ከሁለቱ ወገን ደካማው የቱ ነበር? ልቅሶ የሚከለክል መንግሥት ልቅሶው አሳዝኖት አይደለም፤ ሰውየውን ለሌላ ሥራ ስለፈለገው ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ የ1960ን ተመልከቱ። በዚያ ዓመት ብዙ ሕዝብ ከአሜሪካ ጋር የተደረገውን የጸጥታ ውል ተቃውሞ ቶኪዮ ላይ ሰልፍ ወጣ፤ ውሉ ግን ጸደቀ። ኤይ ሮኩሱኬ የሚባል ገጣሚ ከሰልፍ ተሸንፎ ወደ ቤቱ ሲሄድ የተሰማውን ይዞ አንድ ግጥም ጻፈ። በግጥሙ ውስጥ ውልም፣ ፓርላማም፣ አሜሪካም የለም። ያለው እንባው እንዳይወርድ ቀና ብሎ የሚራመድ ብቸኛ ሰው ነው። ሳካሞቶ ኪዩ በ1961 ዘፈነው። በ1963 አሜሪካ ገብቶ ሦስት ሳምንት አንደኛ ሆነ፤ እዚያ የሸጡት ግን «ሱኪያኪ» ብለው ነው፤ ሱኪያኪ የበሬ ሥጋ ምግብ ነው። ሰው ሲያለቅስ ሰምተው ራት አዘዙ። ጃፓን ውስጥም ብዙ ሰው ዘፈኑን የሚሰማው እንደ ፍቅር ልቅሶ ነው፤ አልተሳሳተም። በአገር መሸነፍና በሴት እምቢ መባል ከአንገት በላይ የተለያዩ ናቸው እንጂ ከአንገት በታች አንድ ቦታ ነው የሚያማቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። «ኤንካ» የሚባለውን የመጠጥ ቤት፣ የወደብና የመለያየት ዘፈን ሰምቶ «ይኼን የት ነው የማውቀው?» ያላለ ኢትዮጵያዊ ካለ ጆሮው ይመርመር። አብዛኛው ኤንካ የሚዜምበት ቅኝት «ዮናኑኪ» ነው፤ «አራትና ሰባት የሌሉበት» ማለት ነው። ከሰባቱ ድምፆች አራተኛውንና ሰባተኛውን አውጥተው በአምስት ይዘፍናሉ። እነዚህ አምስቱ በሜጀርም ሆነ በማይነር ከእኛ ትዝታ ጋር አንድ ናቸው። ማንም ከማንም አልሰረቀም። ነገር ግን ትዝታ ሲሰማ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ያንኑ ድምፅ ከቶኪዮ ሲሰማ ሙሾ ነው ካለ፣ ጠቡ ከዜማው ጋር አይደለም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እነዚህ ዘፈኖች ውስጥ እምቢ የተባለው ሰው ምን ያደርጋል? ሚያኮ ሃሩሚ በ1975 የዘፈነችው፣ በተከታዩ ዓመት የጃፓንን ትልቅ የሸክላ ሽልማት ያገኘው ዘፈን ውስጥ አንዲት ሴት በሰሜን አገር ማረፊያ ቤት ተቀምጣ ትቷት ለሄደው ሰው ሹራብ ትሠራለች፤ እንደማይለብሰው ታውቃለች። ኢሺካዋ ሳዩሪ ገና 19 ዓመት ሳይሞላት በ1977 ባወጣችው ዘፈን አንዲት ሴት ከቶኪዮ በባቡር አኦሞሪ ድረስ ሄዳ፣ በክረምት የፅጋሩን የባሕር ወሽመጥ በጀልባ ትሻገራለች። ብቻዋን። (በ1988 ከባሕሩ ሥር የባቡር ዋሻ ተከፍቶ የዚያ መስመር ጀልባ ቀረ፤ ዘፈኑ ግን እስከ ዛሬ ባሕሩን ይሻገራል።) ኡታዳ ሂካሩ በ16 ዓመቷ በ1999 ያወጣችው የመጀመሪያ ፍቅር አልበም ከ7 ሚሊዮን በላይ ተሽጦ በጃፓን ታሪክ ተወዳዳሪ አጣ፤ በአልበሙ ስም የተጠራው ዘፈን ያለቀን ነገር እንዳለቀ አድርጎ የሚያስታውስ ነው። ሦስቱም ዘፈኖች ውስጥ ማንም የማንንም በር አያንኳኳም። እምቢታው ተሰምቷል፤ ቃሉ ደርሷል፤ የቀረው ሕመሙ ነው፣ ሕመሙም የባለቤቱ ነው። ሹራቡ አይላክም።

ሁሉም እንዲህ ናቸው አልልም። ያችው ኢሺካዋ በ1986 ወዳጇን ለሌላ ከመልቀቅ መግደልን የምታስብ ሴት ዘፍናለች። ጥሩ ዘፈን ነው፤ አስፈሪ ነው፤ ማስፈራቱንም ራሱ ያውቃል። እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ ሌላው ነው፣ ፈገግ ያለው። አራይ ዩሚ የጻፈችው፣ በ1976 ሚኪ ሴይኮ የዘፈነችው፣ በ1981 ደግሞ ኢሺካዋ ሂቶሚ ዘፍናው የገነነው «ማቺቡሴ» የሚባል ዘፈን አለ። «አድፍጦ መጠበቅ» ማለት ነው። አንዲት ልጅ ከሌላ ጋር የሆነን ልጅ ትወዳለች፤ በአጋጣሚ የተገናኙ እንዲመስል መንገዱ ላይ ትጠብቀዋለች፤ አንድ ቀን ወደ እኔ ይዞራል ባይ ናት። ደስ የሚል ዜማ ነው። የወዳጄ «ደጅ መጥናት» ይኸው ነው፤ በዜማ ሲቀርብ ማንንም አያስደነግጥም።

በጥቅምት 1999 በሳይታማ ግዛት፣ ኦኬጋዋ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት አንዲት የ21 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በጩቤ ተወግታ ተገደለች። መለያየት ፈልጋ የነበረው ሰው ከወገኖቹ ጋር ሆኖ ለወራት ሲያሳድዳት ነበር። እሷና ቤተሰቦቿ ፖሊስ ጋ ሄደዋል፤ አመልክተዋል። ፖሊስ እንደ ፍቅረኞች ጠብ ቆጥሮ አቀለለው፤ በኋላም መዝገቡን አስተካክለው ጽፈው የተገኙ ፖሊሶች ተፈርዶባቸዋል። በግንቦት 2000 የጃፓን ምክር ቤት የማሳደድ መከላከያ ሕግ አወጣ። ሕጉ የሚመለከተው በፍቅር ስሜት፣ ወይም ያ ፍቅር ባለመሳካቱ በተፈጠረ ቂም የሚደረግን ድርጊት ነው። ከካታኦሞይ እስከ ቂም ያለውን መንገድ ሕግ አውጪው በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀመጠው። ከዚያም የተከለከሉትን ሲዘረዝር፣ ገና ከመጀመሪያው፣ መከታተል ብሎ ቀጥሎ የሚጽፈው ቃል «ማቺቡሴ» ነው። የዘፈኑ ስም። ደጅ መጥናት! ሕጉ ከዚያ ወዲህ በ2013፣ በ2016ና በ2021 ተሻሽሏል፤ ደጅ ጥናቱ ወደ ኢሜይል፣ ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ፣ ከዚያም የሰው መኪና ላይ መከታተያ መሣሪያ ወደ መደበቅ ስላደገ።

ይህን የምለው ዘፈን ሰው ይገድላል ለማለት አይደለም፤ እንዲያ የሚሉ ሞኞች በየአገሩ አሉ። የምለው፣ የሚያላዝነው ዘፈንና ደጅ የሚጠናው ዘፈን አንድ አይደሉም ነው። ወዳጄ ያመሰገነውን የጃፓን ሕግ ከልክሎታል፤ የናቀውን ደግሞ ሕጉ ሊያስተምረው የሚፈልገው ነው።

ከጃፓኖች ጋር የራሴ ጠብ የለኝም ማለት ግን አይደለም። እስኪ ቁጠሩ፦ ሹራብ የምትሠራው ሴት፣ ጀልባ ላይ የምትቀዘቅዘው ሴት። የሁለቱንም ግጥም የጻፈው አኩ ዩ የሚባል ወንድ ነው። ወንዱ ራሱ ማልቀስ ሲያምረው እንኳ የሴት አፍ ይዋሳል። በ1973 ቶኖሳማ ኪንግስ የሚባል የወንዶች ቡድን ለአንድ ወንድ ብቻ ታማኝ ልሁን የምትል ሴት ሆኖ ዘፈነ፤ አገር ምድሩ ገዛው። ልማዱ የቆየ ነው። የኮኪንሹን የፍቅር መጻሕፍት ካጠናቀሩት አንዱ የሆነው ኪ ኖ ፅራዩኪ እንኳ፣ በ935 ገደማ የሞተች ልጁን እያሰበ የጉዞ ማስታወሻ ሲጽፍ ሴት ጸሐፊ መስሎ ነው የጻፈው። ለፅራዩኪ ይቅር ልንል እንችላለን፤ በዘመኑ በአገሩ ፊደል፣ በልብ ቋንቋ መጻፍ የሴት ተደርጎ ይታይ ነበር። ለኤንካ ደራሲዎች ግን ምን ምክንያት አላቸው? እምቢታን በጸጋ መቀበል ሴት ብቻ የምትማረው ትምህርት ከሆነ፣ ትምህርቱ የሚያስፈልገው ተማሪ ከክፍል ውጪ ቀርቷል።

ለዚህ ነው ማኪሃራ ኖሪዩኪ በ1992 ያወጣውን ዘፈን የምወደው። ሁለተኛ ፍቅር አልፈልግም የሚል ርእስ አለው። ወደብ የለበትም፤ በረዶ የለበትም፤ መጠጥ ቤት የለበትም። ሴትየዋ ሄዳለች። ሰውየው እኔ ያለሷ ምንም የማልችል መሰላችሁ ወይ ብሎ ማንቆርቆሪያ ይጥዳል፤ ከዚያ የሻይ ቅጠሉ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም። በራሱ ወንድ ድምፅ፣ በራሱ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ ነው ይህን የሚናገረው። ከሄደችው ሴት ቤት በራፍ ላይ አይደለም። ያስተማርኩባቸው ዓመታት ቢመለሱልኝ ይህን ዘፈን ከነትርጉሙ ይዤ ክፍል እገባና፣ የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡትን ጎረምሶች አንድ በአንድ እያስነሣሁ ሻዩ ለምን እንደጠፋ እጠይቃቸው ነበር።