አንድ ሸክም ስንት ነው?

ጤፍ በኪሎ ይሸጣል። ዘይት በሊትር፣ ጨርቅ በሜትር፣ መሬት በካሬ። ማገዶስ? ማገዶ የሚሸጠው በ“ይኸውልህ” ነው። “አንድ ሸክም”፣ “አንድ እስር”፣ “አንድ ማዳበሪያ”፣ “አንድ መደብ” የሚሉ ስሞች አሉት፤ መጠን ግን የለውም። የዛሬው ሸክም ከትናንቱ፣ የላይኛው ጉልት እስር ከታችኛው ጉልት እስር ጋር አይገናኝም። ዋጋው ግን ሰፈር ለሰፈር ተደዋውለው የተስማሙ ይመስል ያው ነው!

“በዚህ ዘመን ስለ ማገዶ ማን ያወራል?” የሚል ካለ ወደ ኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ብቅ ብሎ የከሰል ምድጃዎቹን ይቁጠር። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ሲወሰን፣ ብዙ ቤት ምጣዱን ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት ሁለቴ ማሰብ ጀመረ። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ፣ ጠላ የምትጠምቅ፣ አረቄ የምታወጣ እናት ደግሞ ድሮም ፍልጥ ነው የምታነደው። እኛ የምንበላው እንጀራ ዋጋ ውስጥ የዚያ ፍልጥ ዋጋ አለ። ስለዚህ ጉዳዩ የሁላችንም ነው።

ገመዱ ሲያጥር

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ (አትሽሹ፣ የስምንተኛ ክፍል ነው)። ርዝመቱ ግማሽ ሜትር የሆነ ፍልጥ በአንድ ሜትር ገመድ ዙሪያውን ጥብቅ ተደርጎ ታሰረ እንበል። እንዲህ ያለ 25 እስር አንድ ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። አሁን ሻጩ ገመዱን በ20 ሳንቲሜትር ብቻ ያሳጥር። እስሩ በዓይን ሲታይ ያው ነው፤ “ትንሽ ቀጠነ” ብትሉ ነው። እንጨቱ ግን የቀነሰው በ20 በመቶ ሳይሆን በ36 በመቶ ነው! 25 እስር የገዛች እናት በቀድሞው ልክ 16 እስር ብቻ ይዛ ገባች። ዘጠኙን ማን በላው? ዓይናችን ርዝመት ይለካ እንደሆነ እንጂ ይዘት አይለካም። የማገዶ ገበያ የቆመው በዚህ የዓይን ድክመት ላይ ነው።

ከሰሉም ከዚህ አይሻልም። ታቹ ወደ ውስጥ የተጎደጎደ ጣሳ፣ ከላይ ትልልቅ ፍም ከታች ዱቄት የሆነ ማዳበሪያ፣ አፉ ላይ በቅጠልና በጭራሮ ጉልላት የተሠራለት ጆንያ... የከተማ ልጅ ሁሉ ያውቃቸዋል። አውቀን ግን እንስቃለን፣ ከፍለንም እንሄዳለን።

“በቃ በኪሎ ይሸጥ!”

ይህን ሐሳብ ደጋግመን ሰምተነዋል። ሚዛን ይምጣና ይገላግለን ይላሉ። እኛ አንስማማም። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። በኪሎ ሲሸጥ ታዲያ እርጥቡን የሚሸጥ ያተርፋል፣ ለወራት አድርቆ የሚያቀርበው ይከስራል። ገዢዋ ለውሃ ከከፈለች በኋላ ያንኑ ውሃ ለማትነን ደግሞ ማገዶ ታቃጥላለች፤ ትርፏ ጭስ ነው። ይዘት ግን እንዲህ አያታልልም። እንጨት ሲደርቅ ጥቂት ይኮማተር ይሆናል እንጂ ግማሹ አይጠፋም። ስለዚህ የማገዶ ትክክለኛ መለኪያ ሜትር ኩብ ነው።

ሜትር ኩብም ቢሆን ያለ ደንብ ከተተወ መጫወቻ ይሆናል። ተደርድሮ አንድ ሜትር ኩብ የሆነ ፍልጥ ዝም ተብሎ ቢወረወር አንድ ተኩል ያህል ቦታ ይይዛል። ስለዚህ “የተደረደረ” ወይስ “የተወረወረ” ሳይባል ሜትር ኩብ ብሎ መሸጥ ያው ሸክም ብሎ መሸጥ ነው። ሌላም አለ። እያንዳንዱ ጎኑ ግማሽ ሜትር የሆነ ሣጥን የሚይዘው ግማሽ ሜትር ኩብ አይደለም፤ አንድ ስምንተኛ ነው! ሻጩ ራሱ ይህን ላያውቅ ይችላል። ካላወቀ ይነገረው፤ እያወቀ ከሆነ ግን ስሙ ሌላ ነው።

በአሜሪካ ማገዶ የሚሸጠው “ኮርድ” በሚባል መለኪያ ነው። ተደርድሮ 128 ኪዩቢክ ፊት፣ በእኛ ወደ 3.6 ሜትር ኩብ ይሆናል። ብዙ ግዛቶች የሚከተሉት የመለኪያ ደንብ “ክምር” ወይም “አንድ መኪና” እያሉ መሸጥን አይቀበልም። ለምን? ክምርም መኪናም መጠን ስላልሆኑ። የእኛ ሸክም ከዚህ በምን ይለያል?

ማን ነው የሚጎዳው?

አንድ አይሱዙ ሙሉ እንጨት የሚያስመጣ ባለ ሆቴል አይጎዳም፤ ተከራክሮ፣ አስደርድሮ፣ አስለክቶ ይረከባል። የሚጎዳው በየቀኑ አንድ እስር የሚገዛው ነው። ድህነት በጅምላ አይገዛም። ገንዘቡ በየዕለቱ ስለሚገኝ በየዕለቱ ይገዛል፣ በየዕለቱም ይሸወዳል።

ሌላዋ ተጎጂ ደግሞ ሻጯ ናት። ከእንጦጦ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች አዲስ አበባ ለትውልዶች አይታለች። በምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ከማገዶ ረሃብ ሲያወጣ ሸክሙን የተቀበለው የእነዚህ ሴቶች ጀርባ ነው። ሸክሟን አውርዳ ስትቆም ዋጋዋን በዓይኑ የሚገምትላት ግን ገዢው ነው። ልክ የሌለው ገበያ ምንጊዜም የሚያደላው ጊዜና ገንዘብ ላለው ነው። እሷ ደግሞ ሊመሽባት ነው።

“የድሃ ንግድ ነው፣ ተዋቸው” የሚሉን አሉ። እኛም የደንብ አስከባሪ ዱላና የዕቃ ውርስ ይምጣ አላልንም። ልክ ይኑር ነው ያልነው። ልክ ሲኖር ታማኙ ሻጭ ከአጭበርባሪው ይለያል። ዛሬ ገመዱን ያላሳጠረ ሰው ጎረቤቱ ባሳጠረው ገመድ እየተቀጣ ነው።

“እንጨት ማንደድ ራሱ መቅረት አለበት” የሚሉም አሉ። ይቅር! ግን እስኪቀር ድረስ በየቀኑ እየተሸጠ ነው። ስንት እንደሚነድ ሳይለካስ ስንት እንደሚተከል በምን ይታቀዳል?

ታዲያ ምን ይደረግ?

የምንጠይቀው ሳተላይት አይደለም። በየገበያው አንድ የብረት ፍሬም፣ ወርዱም ቁመቱም ርዝመቱም አንድ ሜትር፤ ለትንንሹ ገዢ ደግሞ ዙሪያው አንድ ሜትር የሆነ የብረት ቀለበት። ፍልጡ ግማሽ ሜትር ተደርጎ ይቆረጥ፣ ቀለበቱ ጥብቅ እስኪል ይሞላ። ያ “አንድ እስር” ይባል፤ ከዚያ ዋጋውን ገበያው ይወስን። ለከሰሉ ታቹ ያልተጎደጎደ፣ ማኅተም ያለበት ጣሳ ይኑር። ሻጩም የእንጨቱን ዓይነትና እርጥብ ወይም ደረቅ መሆኑን ይናገር። ይህን ብየዳ ቤት በአንድ ቀን ይሠራዋል።

አገሪቱ ሜትሪክ ሥርዓትን በአዋጅ የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ዓይነቱና ጥራቱ ከተነገረ መጠኑ ምን አጥፍቶ ይደበቃል? የነዳጅ ማደያን ሊትር የሚፈትሽ መንግሥት የእስር እንጨትን ዙሪያ ለመለካት ምን ያንሰዋል?

እስከዚያው ግን እኛም ዝም አንበል። ጠቅላላ ወጪው አንድ ሜትር ገመድ ነው፤ ኪስ ውስጥ ይገባል። ነገ ጉልት ስትወርዱ እስሩን ዙሩበት። ቢተርፋችሁ “ይቺ ናት አንድ እስር?” በሉ፤ በትህትና፣ ግን ጮክ ብላችሁ። አጠገባችሁ የቆመችው እናትም ትስማ።